አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፦ መሣሪያ፣ መጠጥ፣ ነዳጅና መድኃኒት በአሜሪካ

በአሜሪካ ሀሪኬን፣ ሰደድ እሳት፣ ጎርፍ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ የክፍለ ግዛቱ ገዥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጣል፤ እንደየአካባቢው ሕግ ከንቲባውና የካውንቲው አስተዳደርም የየራሳቸውን ሊያወጡ ይችላሉ። አዋጁ ከተፈረመ በኋላ ትናንት ያለ ችግር ይሸጥ የነበረ ዕቃ መጠኑ፣ ዋጋው፣ የሚሸጥበት ሰዓት ወይም ተይዞ የሚኬድበት ቦታ ሊገደብ ይችላል። ነዳጅ ማደያ፣ ሊከር ስቶር ወይም የሠፈር ሱቅ ለሚያንቀሳቅሱ፣ በቤታቸው በሕግ የተፈቀደ መሣሪያ ላላቸው፣ በየወሩም የሐኪም ማዘዣ መድኃኒት ለሚወስዱ ወገኖቻችን ጉዳዩ በቀጥታ ኪስንና ፈቃድን፣ አንዳንዴም የመኖሪያ ወረቀትን የሚነካ ነው። ከዚህ በታች አዋጁ ከመውጣቱ በፊት፣ በወጣበት ዕለትና ካበቃ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባ አስረዳለሁ። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ትእዛዙን ራሱን ያንብቡ

አደጋ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚዞረው ወሬ ከትእዛዙ ይቀድማል። «መሣሪያ ሊሰበስቡ ነው»፣ «መጠጥ ተከልክሏል»፣ «ነዳጅ በኮታ ሆኗል» ይባላል። በወሬው ተመርቶ ሱቅ መዝጋትም ሆነ ወሬውን ንቆ እንደ ወትሮው መሸጥ እኩል አደገኛ ነው። የጽሑፍ ትእዛዙ በገዥው፣ በካውንቲው ወይም በከተማው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ሲያገኙት ማን እንደፈረመውና የትኛውን ሕግ እንደጠቀሰ፣ የትኛውን አካባቢ እንደሚሸፍን፣ የትኛውን ዕቃና የትኛውን ድርጊት እንደሚገድብ፣ እንዲሁም ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና ይፈልጉ። ከዚያም ገጹን በስልክዎ ያስቀምጡት፤ ትእዛዞች በቀናት ውስጥ ይሻሻላሉ፣ በኋላ ክርክር ቢነሳ ደግሞ ወሳኙ በዚያ ዕለት የነበረው ጽሑፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድርጊቱ ላይ ነው። ሽያጭን መገደብ፣ ይዞ መንቀሳቀስን መከልከልና ከባለቤቱ እጅ መውሰድ ሦስት የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው፤ አንዱ ተፈቀደ ማለት ሌላውም ተፈቀደ ማለት አይደለም። የፍሎሪዳ ሕግ ይህን በግልጽ ያሳያል። ገዥው በአስቸኳይ ጊዜ የአልኮል መጠጥ፣ የጦር መሣሪያ፣ የፈንጂና የተቀጣጣይ ነገሮችን ሽያጭና ማጓጓዝ ሊያግድ ወይም ሊገድብ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ወዲያው ግን ይህ ድንጋጌ ወንጀል እየፈጸመ ካልተገኘ ሰው እጅ በሕግ የተያዘን መሣሪያ ለመውሰድ ሥልጣን እንደማይሰጥ ይናገራል። ቴክሳስም ተመሳሳይ የሽያጭ ገደብ በሕጉ ነበረው፤ በ2021 ግን የጦር መሣሪያን ከዝርዝሩ አውጥቶታል። እንግዲህ ከሂዩስተን ዘመድዎ የሰሙት በማያሚ ላይሠራ ይችላል።

አዋጅ የሚወጣው ለታላቅ አደጋ ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። በፌብሩዋሪ 2010 በሰሜን ካሮላይና ኪንግ የምትባል ትንሽ ከተማ በበረዶ ምክንያት አስቸኳይ ጊዜ አውጃ የመጠጥና የመሣሪያ ሽያጭን አግዳ ነበር። በዚያ ክፍለ ግዛት በአስቸኳይ ጊዜ ከግቢ ውጭ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለው ሕግ ለፍርድ ቤት ቀርቦ በማርች 2012 አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ በከሳሾቹ ላይ በሚፈጸምበት መልኩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። ዛሬ የሰሜን ካሮላይና ሕግ ከተሞች በአስቸኳይ ጊዜ የአልኮልና የቤንዚን ሽያጭን እንዲገድቡ ይፈቅዳል፤ በሕግ የተያዘ መሣሪያን ግን ከዚህ ውጭ አድርጓል።

መሣሪያ በቤታቸው ላላቸው

የዛሬው ሕግ የተቀረጸው በኒው ኦርሊንስ ከደረሰው በመነሣት ነው። ሀሪኬን ካትሪና ኦገስት 29 ቀን 2005 ከመታ በኋላ የከተማው ፖሊስ አዛዥ መሣሪያ የሚይዘው ሕግ አስከባሪ ብቻ እንደሚሆን አስታወቁ፤ ፖሊሶችና ወታደሮችም ቤት ለቤት እየዞሩ ከሲቪሎች መሣሪያ ሰበሰቡ። በሴፕቴምበር ወር የፌዴራል ፍርድ ቤት ድርጊቱን አገደ። ከተማው የተሰበሰበ መሣሪያ የለኝም ሲል ቆይቶ በማርች 2006 ወደ 1,000 የሚጠጋ መሣሪያ በእጁ እንዳለ አመነ። ንብረታቸውን ለማስመለስ ለሄዱት ሰዎች ትልቁ እንቅፋት የባለቤትነት ማስረጃ ነበር፤ ቤታቸው በውኃ የተዋጠባቸው ሰዎች ደረሰኙንና የመለያ ቁጥሩን ከየት ያመጡታል?

ኮንግረስ በ2006 ባወጣው ሕግ፣ በፕሬዚዳንቱ የታወጀ አደጋን ለመርዳት የተሰማራ የፌዴራል ሠራተኛ፣ ወታደር ወይም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም አካል በሕግ የተያዘን መሣሪያ እንዳይወስድ፣ በሕግ ያልታዘዘ ምዝገባ እንዳይጠይቅ፣ ሕግ ያልከለከለውንም መያዝ እንዳይከለክል ደነገገ። መሣሪያው የተወሰደበት ሰው በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል፤ ከረታም የጠበቃው ክፍያ ይሸፈንለታል። ልዩ ሁኔታ አለው፦ በነፍስ አድን ጀልባ፣ ሄሊኮፕተር ወይም አውቶቡስ ለመውጣት መሣሪያውን ለጊዜው አስረክቡ ማለት ይቻላል፤ ጉዞው ሲያበቃ ግን መመለስ አለበት። በጎርፍ መካከል ከጀልባ ቀዛፊ ጋር ስለ መብት መከራከር ከንቱ ነው፤ ያስረክቡ፣ ደረሰኝ ይጠይቁ፣ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ፀሐይ በወጣበት ቀን ነው። የእያንዳንዱን መሣሪያ ዓይነት፣ ሞዴልና በብረቱ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ይጻፉ። ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብበትን ፎቶ ያንሡ፤ አንድ ፎቶ መላውን መሣሪያ፣ ሌላው ቁጥሩን በቅርብ ያሳይ። የገዙበትን ደረሰኝ ቃኝተው ከፎቶዎቹ ጋር ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ፤ ቅጂውን ከክፍለ ግዛቱ ውጭ ላለ የሚያምኑት ዘመድ መላክም አይከፋም። ደረሰኙ ከጠፋ የሸጠልዎት ባለፈቃድ ነጋዴ በሕግ የሚይዘው መዝገብ ስላለ ወደ እርሱ መመለስ ይቻላል።

ፖሊስ ቤትዎ መጥቶ መሣሪያ ቢጠይቅ እጅዎ ይታይ፣ ድምፅዎ ዝቅ ይበል፣ መሣሪያውን ላሳይ ብለው ወደ እርሱ አይሂዱ። በየትኛው ትእዛዝ እንደሚወስድ ይጠይቁ። በፈቃድዎ እንደማይሰጡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረው ዝም ይበሉ፤ በአካል መከላከል በየትኛውም ክፍለ ግዛት የሚያዋጣ አይደለም። ከወሰደ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የባጁን ቁጥርና የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት መቀበያ ይጠይቁ፤ መቀበያ አልሰጥም ካለ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመኪናውን ቁጥር ወዲያው ይጻፉ። በቴክሳስ ሕግ ፖሊስ ለደኅንነት ወዲያውኑ አስፈላጊ መሆኑን በምክንያት ሲያምን በአደጋ ጊዜ አንድን ሰው ለጊዜው መሣሪያ ማስፈታት ይችላል፤ ሰውየውን ካላሰረውና መሣሪያው ለማስረጃ ካልተፈለገ ግን ሲለቀው መመለስ አለበት።

ከተማ ለቀው ሲወጡ ችግሩ የክፍለ ግዛት ድንበር ነው፤ የአንዱ ክፍለ ግዛት መያዣ ፈቃድ በሌላው ላይሠራ ይችላል። የ1986 የፌዴራል ሕግ በመነሻውም በመድረሻውም ሕጋዊ ለሆነ ሰው በመካከል የማለፍ ከለላ የሚሰጠው መሣሪያው ጥይት ካልጎረሰና መሣሪያውም ጥይቱም ከተሳፋሪው እጅ በማይደረስበት ቦታ ካለ ነው፤ ሻንጣ ማስቀመጫ በሌለው መኪና ደግሞ በተቆለፈ ሣጥን መሆን አለበት፣ የዳሽቦርድ ኪስ አይቆጠርም። የቀይ መስቀል መጠለያዎችም መሣሪያ አያስገቡም፤ ይህ የመጠለያው ደንብ እንጂ የመንግሥት ውርስ ስላልሆነ ዕቃውን የት እንደሚተዉ ቀድመው ያስቡ።

በስደት ሕግ በኩል ያለውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ሲችል፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ የአደን ፈቃድን ከመሳሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም፤ ሕጋዊ ወረቀት የሌለውም አይችልም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህን አይለውጠውም። ዘራፊ መጣ በተባለ ሌሊት የጎረቤትን ሽጉጥ ተውሶ በር ላይ መቆም ለእንዲህ ያለ ሰው የፌዴራል ወንጀል ነው፤ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ደግሞ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ለማባረር ምክንያት ይሆናል።

ገዥዎችም ሥልጣናቸውን አልፈው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። በሴፕቴምበር 2023 የኒው ሜክሲኮ ገዥ ሚሼል ሉሃን ግሪሻም በሕዝብ ጤና አስቸኳይ ጊዜ ስም በአልበከርኪና በአካባቢዋ በአደባባይ መሣሪያ መያዝን ለ30 ቀናት ከለከሉ፤ በቀናት ውስጥ የፌዴራል ዳኛ አገዱት፣ ገዥዋም ትእዛዙን ወደ መናፈሻዎችና የልጆች መጫወቻ ቦታዎች አጠበቡት። ትእዛዙ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለውን መፍረድ የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ እስኪታገድ ድረስ ጥሶ መገኘት ዋጋ ያስከፍላል።

ሱቅና ነዳጅ ማደያ ላላቸው

ለነጋዴ ትልቁ አደጋ የዋጋ ሕግ ነው። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ገዥው ጋቪን ኒውሰም አስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ እሳቱ ያልደረሰበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የኛ ሠፈር፣ የሊትል ኢትዮጵያ፣ ነጋዴም በዚያው ቅጽበት በዋጋ ገደቡ ሥር ገባ፣ አዋጁ ካውንቲውን በሙሉ የሚሸፍን ነበርና። የካሊፎርኒያ ሕግ ምግብን፣ ውኃን፣ ባትሪን፣ የሕክምና ዕቃን፣ ቤንዚንንና የመሳሰሉትን ከአዋጁ በፊት ከነበረው ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ አስበልጦ መሸጥን ይከለክላል። ገደቡ ለዕቃ 30 ቀናት፣ ለጥገናና ለመልሶ ግንባታ ሥራ 180 ቀናት ይቆያል፣ ሊራዘምም ይችላል። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት፣ እስከ 10,000 ዶላር ወይም ሁለቱም ነው። ቤት የሚያከራዩም ከዚሁ ሕግ አያመልጡም።

ስሌቱን በአንድ ካርቶን ውኃ እንየው። ከአዋጁ በፊት ከአከፋፋይ በ4 ዶላር ገዝተው በ6 ዶላር ይሸጡ ከነበረ ጣሪያዎ 6 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። አከፋፋዩ በአደጋው ምክንያት ወደ 5 ዶላር ቢያስወጣው ሕጉ አዲሱን ወጪዎን ከተለመደው ትርፍዎ ጋር ደምረው፣ እዚህ ላይ 7 ዶላር ማለት ነው፣ ከድምሩ ከ10 በመቶ ሳያልፉ እንዲሸጡ ይፈቅዳል፤ 7 ከ70 መሆኑ ነው። ነገር ግን ጭማሪው ከአከፋፋዩ መምጣቱን የማስረዳት ግዴታው የእርስዎ ነው። ስለዚህ ማዕበል ሊመጣ ነው ሲባል የመደርደሪያዎቹን ዋጋ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሡ፣ ከካሽ ሬጅስተሩ የቀደመውን ወር የዋጋ ሪፖርት ያትሙ፣ የአከፋፋዩን ኢንቮይስ አንድም ሳይቀር በአንድ ፋይል ያኑሩ። የዋና ዓቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ደንበኛው በስልኩ ባነሣው ፎቶ ላይ ተመሥርቶ ሲጽፍልዎ የሚመልሱት በነዚህ ወረቀቶች ነው። በሱቁ ውስጥ የሚሠሩ የቤተሰብ አባላትም ያለ እርስዎ ፈቃድ ዋጋ እንዳይነኩ ይንገሯቸው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ካሸሩ የጨመረው 2 ዶላር የሚጠየቅበት ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው።

በሌሎች ክፍለ ግዛቶች መለኪያው ይለያያል። ፍሎሪዳ ከአዋጁ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ከነበረው አማካይ ዋጋ እጅግ የራቀውን ይቀጣል፤ ለእያንዳንዱ ጥሰት 1,000 ዶላር ሆኖ በ24 ሰዓት እስከ 25,000 ይደርሳል። ቴክሳስ በመቶኛ አልወሰነም፣ «የተጋነነ» ዋጋ ይላል፤ እንደኔ ግምት ለነጋዴ ይህ ከቁጥሩ የባሰ ነው፣ የት ላይ እንደሚቆም አያውቅምና። እዚያ ቅጣቱ በአንድ ጥሰት እስከ 10,000 ዶላር ሲሆን፣ የተጎዱት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ተጨማሪ እስከ 250,000 ሊደርስ ይችላል።

ማከማቸትም ሌላ ጉዳይ ነው። በ1950 የወጣው የመከላከያ ምርት ሕግ ፕሬዚዳንቱ እጥረት አለበት ያሉትን ዕቃ ከመጠን በላይ ማከማቸትን ወይም ከገበያ ዋጋ በላይ ለመሸጥ መያዝን ወንጀል ያደርጋል፤ እስከ 1 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ያስቀጣል። በማርች 2020 በዚህ ሥልጣን መሠረት ኤን95 ማስክን፣ ቬንቲሌተርንና የሐኪም መከላከያ ልብስን ጨምሮ 15 ዓይነት ዕቃ ተዘረዘረ። ብዙም ሳይቆይ ኤፍ ቢ አይ ከአንድ የብሩክሊን ነዋሪ ወደ 192,000 ኤን95 ማስክ ወስዶ በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ ላሉ የጤና ሠራተኞች እንዲከፋፈል ተደረገ፤ ለባለቤቱ የታሰበለት ከኮቪድ በፊት የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ለወትሮው ንግድ የሚበቃ ክምችት ያለው ነጋዴ ሊሰጋ አይገባም፤ ዕቃው ከተዘረዘረ በኋላ በጋራዥ ውስጥ የሚከምር ግን ይስጋ።

ይህ በንብረት ላይ ያለውን አጠቃላይ ሥልጣን ያስታውሰናል። በፍሎሪዳም በቴክሳስም ገዥው አደጋውን ለመቋቋም አስፈላጊ ሲሆን የግል ንብረትን ለመጠቀም ወይም ለመያዝ ሥልጣን አለው፤ ካሣ ግን መክፈል አለበት። ጄኔሬተርዎን፣ የጭነት መኪናዎን ወይም የውኃ ክምችትዎን ለመውሰድ የመጣ ባለሥልጣን ካለ የዕቃውን ዝርዝር በሁለት ቅጂ አስፈርመው ያስረክቡ። ያለ ፊርማ የሄደ ዕቃ ስጦታ ሆኖ ይቀራል።

መጠጥ ለሚሸጡ ነገሩ አጭር ነው፦ ገደቡ በድንገት ይመጣል፣ ከመቀጮው ይልቅ የሚያስፈራው ፈቃድ ማጣት ነው። በማርች 2020 ፔንሲልቬንያ የራሷን የመጠጥ መደብሮች ስትዘጋ ሸማቹ ወደ ኦሃዮ ጎረፈ፤ ኦሃዮም በድንበሩ ባሉ ስድስት ካውንቲዎች ጠንካራ መጠጥ ለኦሃዮ ነዋሪ ብቻ እንዲሸጥ አዘዘች። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲወጣ መታወቂያ የሚታየው ለዕድሜ ብቻ አይሆንም፣ አድራሻውም ይነበባል። የሰዓት እላፊ ከታወጀ ደግሞ የመሸጫ ሰዓቱ አብሮ ማጠሩን ይመልከቱ።

የነዳጅ ኮታ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ሲመጣ ግን ማደያው ራሱ አስፈጻሚ ይሆናል። ሀሪኬን ሳንዲ በኦክቶበር 2012 ከመታ በኋላ የኒው ጀርሲ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ከኖቬምበር 3 ጀምሮ በ12 ካውንቲዎች በታርጋ የመጨረሻ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ እየተባለ በፈረቃ እንዲቀዳ አዘዙ፤ ቁጥር የሌለው ታርጋ እንደ ጎዶሎ ተቆጠረ። በኮቪድ ጊዜ በአዲስ አበባ የግል መኪኖች በጎዶሎና በሙሉ ታርጋ ሲፈራረቁ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። የማደያ ባለቤት ፈረቃውን በትልቅ ጽሑፍ መግቢያው ላይ ይለጥፍ፣ ማን ከገደቡ ነፃ እንደሆነም ከትእዛዙ ቀድቶ ለሠራተኞቹ ይስጥ፤ ወረፋው ላይ የሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከዚህ ነው።

መድኃኒት በማዘዣ ለሚወስዱ

እዚህ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ገደብን የሚያላላ ነው። በፍሎሪዳ የሀሪኬን ማስጠንቀቂያ ወይም የገዥው አዋጅ በሸፈነው ካውንቲ የሚኖር ሰው ቀኑ ሳይደርስ የ30 ቀን መድኃኒት እንዲሞላለት ኢንሹራንሱ የጊዜ ገደቡን ማንሣት አለበት። በቴክሳስም በታወጀ አደጋ ፋርማሲስቱ ሐኪሙን ማግኘት ካልቻለ እስከ 30 ቀን የሚበቃ ሊሰጥ ይችላል። ኢንሹራንስ ለሌላቸው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት በትልልቅ አደጋዎች የሚከፍተው የአስቸኳይ ጊዜ የማዘዣ መድኃኒት እርዳታ ፕሮግራም አለ፤ መከፈቱን ፋርማሲውን ይጠይቁ።

ከዚህ ውጭ የሚሆኑት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያሉት ናቸው፤ እንደ ኦክሲኮዶን ያሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎችና ለትኩረት ችግር የሚሰጡ አነቃቂዎች በአደጋ ጊዜም ያለ ሐኪም ቃል አይሞሉም። ሐኪሙ በስልክ ለአስቸኳዩ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ማዘዝ ይችላል፣ ማዘዣውንም በ7 ቀን ውስጥ ለፋርማሲው መላክ አለበት። ስለዚህ የሐኪሙን የሌሊት ስልክ ይያዙ። ሲወጡም ባዶውን ጠርሙስ ሳይቀር ይዘው ይውጡ፤ በላዩ ላይ ስምዎ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ የማዘዣ ቁጥሩና የፋርማሲው ስልክ ስላለ በሌላ ከተማ ያለ ፋርማሲስት የሚጠይቅዎትን ሁሉ ይመልስልዎታል። ክኒኑን በፕላስቲክ ከረጢት ደባልቆ መያዝ ግን በፖሊስ ፊትም በፋርማሲም ያስቸግራል።

አዋጁ ሲያበቃ

የማብቂያውን ቀን በትእዛዙ ላይ ያረጋግጡ፤ አዋጁ ተራዝሞ የዋጋ ገደቡም አብሮት ሊቀጥል ይችላል። ለመንግሥት ያስረከቡት ዕቃ ካለ ዝርዝሩንና ፊርማውን አያይዘው የካሣ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ማስገቢያው የተወሰነ ቀን ሊኖረው ስለሚችል አይዘግዩ። መሣሪያ ተወስዶብዎት ከሆነም መለያ ቁጥሩንና መቀበያውን ይዘው ለወሰደው መሥሪያ ቤት በተመዘገበ ፖስታ ይጻፉ፤ መልስ ካልመጣ ወይም አናውቀውም ካሉ፣ ያ ደብዳቤና የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ወደ ጠበቃ የሚወስዷቸው የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ናቸው።